ስድብን ችሎ የመቀመጥ ጥናት

ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም አራት በርጩማዎች ያሉት የምሳ ባንኮኒ ቁራጭ ይታያል። የመጣው ከሰሜን ካሮላይናዋ ግሪንስቦሮ ከተማ ነው፤ የዉልወርዝ መደብር እ.ኤ.አ. በ1993 ሲዘጋ ሙዚየሙ ጠይቆ ወሰደው። በትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚመጡ ልጆች በሙዚየም ውስጥ እንዴት እንደሚሄዱ ያየ ሰው ያውቃል። ጽሑፉን ሳያነቡ፣ እየተሳሳቁ፣ ፎቶ እየተነሡ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው ያልፋሉ። በዚህ ባንኮኒ አጠገብ ግን ቆመው እንዲያስቡ የሚያደርጋቸው ነገር አግኝተዋል፦ «የተማሪዎቹን የመቀመጥ ተቃውሞ ተቀላቀሉ» የሚል ርዕስ ያለው፣ ለዓመታት እዚያው ሲቀርብ የኖረ አጭር ተውኔት። የጻፈው በሙዚየሙ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ መርሐ ግብርን የመራው ክሪስቶፈር ዊልሰን ነው።

ለልጆች የሚቀርብ የሙዚየም ትርዒት ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል። የጥንት ልብስ የለበሰ ሰው ይወጣና እገሌ ነኝ ይላል፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን በቃሉ ይወጣል፤ ልጆቹ አጨብጭበው ይሄዳሉ። ይህ ተውኔት ከዚያ መንገድ የወጣው በአንድ ቀላል ውሳኔ ነው። ዘመኑ 1960 ነው፤ ተዋናዩ በመቀመጥ ተቃውሞ፣ ማለትም ጥቁሮችን በማያስተናግድ ባንኮኒ ተቀምጦ ባለመነሣት፣ ተካፍሎ የመጣ ወጣት ነው፤ ከፊቱ የቆሙት ልጆች ደግሞ ለሚቀጥለው ተቃውሞ የሚሠለጥኑ አዲስ ምልምሎች ናቸው። ስለዚህ ታሪክ አይተርክላቸውም፤ ይጠይቃቸዋል። ሕጉ ልክ ካልሆነ ምን ይደረጋል? ባንኮኒው ላይ ተቀምጠህ ሳለ ቢሰድቡህ ምን ትመልሳለህ? ቢገፉህስ? ቢተፉብህስ?

ብዙ ልጅ መጀመሪያ የሚመልሰው «እመታዋለሁ» ብሎ ነው። እውነተኛ መልስ ነው፤ ተዋናዩም አይቆጣም። ከመታኸው በኋላ ነገ ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ፎቶ የማን ነው ብሎ መልሶ ይጠይቃል። ሰላማዊ ትግል ማለት ፈሪነት ሳይሆን የታሰበበት ስልት መሆኑን ከአሥር ገጽ የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ይህች አንዲት ጥያቄ ታስረዳለች።

ተውኔቱ የተመሠረተበት ታሪክ ይህ ነው፦ የካቲት ወር 1960 መባቻ ላይ ኤዜል ብሌር፣ ፍራንክሊን ማኬን፣ ጆሴፍ ማክኒል እና ዴቪድ ሪችመንድ ወደ ግሪንስቦሮው የዉልወርዝ መደብር ገቡ። አራቱም የመጀመሪያ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ። አስቀድመው ጥቃቅን ዕቃ ገዙ፤ ደረሰኙንም ያዙ። መደብሩ ዕቃውን ሲሸጥላቸው ገንዘባቸውን ተቀብሏል፤ ቡና ሲያዝዙ ግን ለጥቁር አይሸጥም ተባሉ። መደብሩ እስኪዘጋ ከበርጩማው አልተነሡም። በማግሥቱ ጓደኞቻቸው መጡ፤ በአምስተኛው ቀን 300 ያህል ሰው ተሰበሰበ፤ ከዚያም ነገሩ በብዙ የደቡብ ከተሞች ተዛመተ።

ተውኔቱን ከሌሎች የሚለየው ጥበብ ግን ያለው ከግሪንስቦሮ ይልቅ በሌላዋ የደቡብ ከተማ በናሽቪል ታሪክ ውስጥ ይመስለኛል። በዚያች ከተማ ጄምስ ላውሰን የሚባል፣ ሕንድ አገር ኖሮ የጋንዲን ዘዴ ያጠና የሜቶዲስት ቄስ፣ ከግሪንስቦሮው ቀን አስቀድሞ ተማሪዎችን በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያሠለጥን ነበር። በኋላ የእንቅስቃሴው መሪዎች የሆኑት ዳያን ናሽና ጆን ሉዊስ የወጡት ከዚያ ነው። ሥልጠናውም ንግግር ብቻ አልነበረም። ተማሪዎቹ ሚና ይከፋፈሉ ነበር፤ አንዱ ተቃዋሚ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሌላው ነጭ ጎረምሳ ሆኖ ይሰድበዋል፣ የሲጋራ ጭስ ፊቱ ላይ ይለቅበታል፣ ከወንበሩ ይጎትተዋል። የተቀመጠው ዓይኑ ወደ ባንኮኒው እንዲሆን፣ ጀርባውን ቀጥ እንዲያደርግ፣ እጁን እንዳያነሣ እየደጋገመ ይለማመዳል። እነዚህ ልጆች አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት ያደረጉት ነገር ሌላ ስም የለውም፤ የቴአትር ጥናት ነው። ስለዚህ ዊልሰን በታሪኩ ላይ ተውኔት ከውጭ አልለጠፈም፤ ታሪኩ ራሱ በሆዱ የያዘውን ተውኔት አውጥቶ አሳየ። ባንኮኒው በ1960 የተቀመጡበትን ስፍራ ያሳያል፤ እንዴት ለመቀመጥ እንደቻሉ የሚያሳየው ግን ልምምዱ ነው። ልምምድን በመስታወት ሣጥን ማስቀመጥ አይቻልም፤ የሰው አካል ያስፈልገዋል። አንድ ሙዚየም ሕያው ትርዒት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሣል። ተውኔቱ ጠንካራ የሚሆነው ሥልጠናውን እስከተከተለ ድረስ ነው፤ ከሥልጠናው ሲወጣ ይላላል። ፈቃደኞች ወጥተው ሲቀመጡና ተዋናዩ ከኋላቸው ቆሞ የሚደርስባቸውን ሲነግራቸው ዝምታ ይሰፍናል። ያ ዝምታ ትንሽ ቢቆይ ምን ነበር! ብዙም ሳይቆይ የነፃነት መዝሙር ይመጣል፤ ሁሉም ይዘምራል፤ ፍርሃቱ ከልጆቹ ትከሻ ይወርዳል። ዝማሬው በታሪኩ ውስጥ እውነተኛ ቦታ አለው፤ ተቃዋሚዎቹ በእስር ቤትም ዘምረዋል። ነገር ግን እነሱ የዘመሩት ፍርሃቱን ተሸክመው ነው። የዛሬው ልጅ ፍርሃቱን በቅጡ ሳይቀምስ ሲዘምር፣ «እኔም ብሆን እቀመጥ ነበር» ብሎ በቀላሉ ያምናል። በዚያን ጊዜ ግን ያልተቀመጠው ሰው ከተቀመጠው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ ጥቁር ወላጆች እንኳ ልጆቻቸውን ተዉ ብለው ለምነዋል፤ ምክንያትም ነበራቸው።

ሌላው ነገር ገጸ ባሕርዩ ነው። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከብዙ ተማሪዎች ተውጣጥቶ የተፈጠረ ወጣት ነው። ይህ ለተዋናዩ ነፃነት ይሰጠዋል፤ ልጆች የፈለጉትን ቢጠይቁትም አይጨነቅም። ሆኖም አንድ ደፋር ወንድ ብቻውን ሲያስተምር ያየ ልጅ፣ እንቅስቃሴው የደፋር ወንዶች ሥራ ነበር ብሎ ሊሄድ ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የግሪንስቦሮው የቤኔት ኮሌጅ ወጣት ሴቶች ከመጀመሪያዎቹ ቀናት አንሥተው በርጩማው ላይ ነበሩ። ሐምሌ 25 ቀን 1960 መደብሩ እጅ ሲሰጥ ደግሞ በባንኮኒው ላይ መጀመሪያ የተስተናገዱት የመደብሩ የራሱ ጥቁር ሠራተኞች ናቸው። ጄኒቫ ቲዝዴል ከእነሱ አንዷ ነበረች። ለዓመታት ለሌላው ምግብ ሲያዘጋጁበት በኖሩበት ባንኮኒ እንደ ደንበኛ ተቀመጡ። ለመድረክ ከዚህ የበለጠ ትዕይንት ማን ይፈጥራል? ጽሑፈ ተውኔቱን የማሻሻል ዕድል ያለው ሰው በዚህች ሴት ዓይን የሚታይ ሁለተኛ ክፍል ቢጨምርበት ሥራው ሙሉ ይሆናል።

ከዋሽንግተን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ በሚመጡት የትምህርት ቤት ቡድኖች ውስጥ የእኛም የኢትዮጵያውያን ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ይህን ታሪክ የጥቁር አሜሪካውያን ጉዳይ ብቻ አድርገው ያዩታል፤ ወላጆቻቸውም እንዲሁ። ነገር ግን እኛንም ይነካል፤ የ1924ቱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው፤ የዘር መድልዎን የከለከለው የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ፣ በዚያው የትግል ዘመን። በርጩማው ላይ የተተፋባቸው ተማሪዎች የገፉት በር እኛ በኋላ የገባንበት በር ነው። ይህን ለልጁ መንገር የተዋናዩ ሳይሆን የወላጁ ድርሻ ነው፤ ሙዚየሙ በነፃ የሚገባበት ስለሆነ ደግሞ አብሮ ለመሄድ የሚያግድ ነገር የለም።

መምህራንም ከሙዚየሙ ወጥተው በ14ኛው ጎዳና ወደ ሰሜን ጥቂት ቢራመዱ መልካም ነው። በዚያው ጎዳና ላይ ቶምፕሰን የሚባል ምግብ ቤት ነበር። በ1950 ጥቁሯ የመብት ታጋይ ሜሪ ቸርች ቴሬል ባልደረቦቿን ይዛ ገባች፤ አናስተናግድም ተባለች። ዕድሜዋ ያን ጊዜ ከሰማንያ አልፎ ነበር። ጉዳዩን ፍርድ ቤት አደረሱት፤ በ1953 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው፤ የዋሽንግተን ምግብ ቤቶችም ለሁሉም ተከፈቱ። ግሪንስቦሮ ለልጆቹ ሩቅ ከተማ ነው፤ ይህ ግን አውቶቡሳቸው የሚያልፍበት መንገድ ነው። ከተውኔቱ በኋላ የሚደረገው ውይይትም ቢሰፋ እመኛለሁ፤ በተለይ «ማን ይቀመጣል?» ሲባል እጃቸውን ያላነሡት ልጆች ለምን እንዳላነሡ የሚናገሩበት ጊዜ ቢሰጣቸው።