የገበሬው የሥራ ቦታ ወዴት ነው?
ስለ ጉበት በሽታ ትምህርታችን የቀረበ ትችት

በሥራ ላይ በሚያጋጥም ኬሚካል ምክንያት ስለሚመጣ የጉበት በሽታ የተጻፈውን ያገላበጠ ተማሪ ሁሉ አንድ ታሪክ ያውቃል። ይኸውም እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በአሜሪካ አገር፣ በኬንታኪ፣ በሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የጉድሪች የፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሰዎች እጅግ ብርቅ በሆነ የጉበት ካንሰር መሞታቸው የተገለጸበት ነው። ምክንያቱም ቫይኒል ክሎራይድ የሚባለው ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሊታወቅ የቻለው ግን በሽታው ብርቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ሟቾቹ የአንድ ፋብሪካ ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ፋብሪካውም ሐኪም ስለ ነበረው ጭምር ነው።

ትችቴ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ትምህርት በፋብሪካ ስላደገ፣ «የሥራ ቦታ» ሲል በርና ዘበኛ ያለውን ግቢ ያስባል። እኔ በተወለድሁበት በካቺሲ ግን ገበሬው በጤፉ ላይ ቱፎርዲ ይረጫል፤ እህሉን ከነቀዝ ለማዳን ማላታይን ይነሰንሳል፤ ጎተራውም ከመኝታው አጠገብ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሥራ በሽታ የሚደነግገው አሠሪ ላለው ሠራተኛ ነው። የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው በሕጉም በመጽሐፉም ውስጥ ቦታ የለውም።

የአገራችንን ምሳሌ እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታሕታይ ቆራሮ፣ ሆዳቸው እየተነፋ የሚሞቱ ሰዎች ታዩ። በሽታውም የሂርሚ ሸለቆ የጉበት በሽታ ተባለ። መርማሪዎቹ በመጀመሪያ ያገኙት ምክንያት ከእህል ጋር የሚቀላቀል መርዛም አረም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ጥናት ግን ገበሬዎቹ እህላቸውን የሚጠብቁበት ዲዲቲም ከበሽታው ጋር የተያያዘ መሆኑን አመለከተ። እኛ ተማሪዎች ይህን ስናወራ አረሙን እናነሣለን፤ ዲዲቲውን እንዘነጋለን። አረም ማንንም አያስጠይቅምና ይቀለናል፤ ዲዲቲን ግን የሠራውም ጎተራ ያስገባውም ሰው ነው።

ቋንቋችንም ያግዘናል። የዐይን ቢጫ መሆንን «የወፍ በሽታ» እንላለን፤ የሚረጨውን መርዝ ግን በአማርኛ «መድኃኒት»፣ በኦሮምኛም «ቆሪቻ» እንለዋለን። በደሉ ለወፍ፣ ምስጋናው ለመርዙ ሆነ ማለት ነው። እኔም ከዚህ ነቀፋ አልወጣም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ጉበት ሥራ ተምሬ ጥሩ ማርክ አገኘሁ፤ ክረምት ቤት ስገባ የአጎቴ የመርጫ ጀሪካን ከመጠጥ ውኃችን አጠገብ ተቀምጦ እያየሁ አንድ ቀን እንኳ «አጎቴ፣ ይህን ያንሡት» አላልሁም። መጽሐፉ ስለ ፋብሪካ ነበርና ስለ እኛ ቤት የሚናገር አልመሰለኝም።

በካቺሲ የሚታየውን የጉበት በሽታ ሁሉ ኬሚካል አመጣው ማለቴ አይደለም። የሄፓታይተስ ቫይረስ አለ፤ ቢልሃርዝያ አለ፤ መጠጥም አለ። የምለው ያልተጠየቀ ነገር አይታወቅም ነው። ሐኪም በሽተኛውን «ይጠጣሉ ወይ?» ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ «ምን ይረጫሉ? የት ያኖሩታል? ዕቃውን ምን ያደርጉበታል?» ብሎ ቢጨምር አንዲት ሳንቲም አያስወጣውም፤ መልሱ ከተመዘገበ ግን የሉዊቪል ፋብሪካ የነበረውን ዓይነት መዝገብ ለገበሬውም ይሆናል። እኛም ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ጥያቄውን ከየቤታችን ጎተራ እንጀምር።