የባላገር አነጋገር ለቋንቋ ታሪክ ያለው ምስክርነት

የእንግሊዝኛን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት ብዙውን ጊዜ የሚከተሉት የመጽሐፉን ቋንቋ ነው። የገበሬውና የእረኛው አነጋገር ግን እንደ ተበላሸ ቋንቋ ተቈጥሮ በቸልታ ሲታለፍ ኖሯል። ይህን አስተያየት ካረሙት ሥራዎች አንዱ በሊድስ ዩኒቨርሲቲ በሃሮልድ ኦርተን መሪነት የተደረገው የእንግሊዝ አገር አነጋገር ጥናት ነው። መጠይቁን ኦርተን ከስዊሱ ሊቅ ከኦይገን ዲት ጋር አዘጋጀው፤ ከ1950 እስከ 1961 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ድረስ በ313 ቦታዎች ከ1,300 የሚበልጡ ጥያቄዎች ቀርበው መልሱ በድምፅ ምልክት ተጻፈ።

የሥራው ዋና ጠቀሜታ ያለፈው ዘመን በሕያው አንደበት ላይ መኖሩን ማሳየቱ ነው። የሰሜን ባላገር ቤትን «ሁስ» ብሎ ሲጠራ «ሃውስ» ማለት ተስኖት አይደለም፤ በደቡብ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የተለወጠውን የጥንት አናባቢ ጠብቆ በመያዙ ነው እንጂ። ጅረትን «ቤክ»፥ መጫወትን «ሌክ» የሚለው የዮርክሸር ሰውም በ9ኛው መቶ ዓመት የሰፈሩት የስካንዲናቪያ ሰዎች ያወረሱትን ቃል ይናገራል። የተማረው ሰው አንተንና እርስዎን «ዩ» በሚል አንድ ቃል ሲያጠቃልል፥ የሰሜንና የምዕራብ ገበሬ ለአንተ የሚሆነውን የቀድሞ ቃል ሳይጥል ቈይቷል።

ይሁን እንጂ ሥራው ከነቀፌታ አያመልጥም። መልስ የሰጡት አብዛኞቹ በተወለዱበት መንደር ያረጁ ወንዶች ናቸው፤ ሴቶችና ከተሞች በጣም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን በ1851 በተደረገው ቈጠራ ከእንግሊዝና ከዌልስ ሕዝብ ከእኩሌታ የሚበልጠው በከተማ ይኖር ነበር። ስለዚህ አርእስቱ ከማስረጃው ይሰፋል። ኦርተን ይህን ያደረገው ሳያውቅ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የጥንቱን ቃል ለማትረፍ ቸኵሎ ነው። ችኰላው ተገቢ ነበር፤ ጥንታዊውን ብቻ እውነተኛ አነጋገር አድርጎ መቍጠር ግን ሌላ ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ጕድለት ከአጠያየቁ የመጣ ነው። «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» የተባለ ሽማግሌ ቃሉን ለይቶ ይሰጣል። ለአንተ የሚሆነውን ቃል ለልጁ ይናገረው እንደ ሆነ፥ ለቄሱ ይተወው እንደ ሆነ ግን ከመልሱ አይገኝም። የቃል ታሪክ የሚገባው ግን ማን ለማን እንደ ተናገረው ሲታወቅ ነው።

በኢትዮጵያ የየአውራጃውን አነጋገር ለመሰብሰብ የሚነሣ ተማሪም ከዚህ ሁለት ትምህርት ያገኛል፤ ወደ ሽማግሌው ፈጥኖ ይሂድ፥ ገበያ የወጣችውንም ሴት ሳይጠይቅ አይመለስ።