«በንጽሕና መያዝ»

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር፤ «ይህ ጽሑፍ ለማን ነው የተጻፈው?» መቼም መምህርነት ቢለቁትም አይለቅም። ባለፈው ዓመት ከዳንግላ አካባቢ አንዲት ዘመዴ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት ባየሁ ጊዜ ያው ጥያቄ መጣብኝ። (ሆስፒታሉን አልጠራም፤ ወረቀቱ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም።)

ግማሽ ገጽ ናት። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ምሕጻረ ቃል። መድኃኒቱ አራት መስመር ወስዷል። ስለ ቁስሉ የተጻፈችው አንዲት የአማርኛ መስመር ናት፤ «ቁስሉን በንጽሕና መያዝ፣ ችግር ካለ መመለስ»። ዘመዴ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበቡ ግን ይቸግራታል። በአንድ ቋንቋ ታስቦ፣ በሌላ ተጽፎ፣ በሦስተኛ ለምትኖር ሴት የተሰጠ ድርሰት!

እስቲ ዓረፍተ ነገሯን እንያት። «መያዝ» ሲል ማን ነው የሚይዘው? ግሡ ባለቤት የለውም። አራሷ ከአልጋ አትነሳም፤ የሚያስታምሟት አማቷ፣ እህቷ፣ ጎረቤቷ ናቸው። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከመካከላቸው «እስቲ ልየው» ብላ ባልታጠበ እጇ ፋሻውን የምትገልጥ አትጠፋም። ፍቅር ነው እንጂ ክፋት የለውም። «ንጽሕና»ስ? ላንዱ በጨው የሞቀ ውሃ ነው፣ ላንዱ አልኮል፣ ላንዱ ጠበል፣ ለአያትየዋ ደግሞ ለጋ ቅቤ። ሐኪሙ በልቡ ያሰበው «እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ አትንኩት፣ ምንም አትቀቡት» ነበር። ታዲያ እንዲያ ብሎ አይጽፈውም?

«ችግር» የምትለዋ ትብሳለች። በእኛ አገር ሴት ሕመም ስትችል ትመሰገናለች። መግል ሲወጣም «እሰይ፣ ክፉው ወጣ» ይባላል። ባልቴቶቻችንን አንሳቅባቸው፤ ጆሴፍ ሊስተር በ1867 እ.ኤ.አ. ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ስለማከም ከመጻፉ በፊት ብዙ የአውሮፓ ሐኪሞችም ወፍራም ነጭ መግልን የመዳን ምልክት ያደርጉት ነበር። የቀዶ ጥገና ቁስል እስከ 30 ቀን ድረስ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ማለት ነው። ዘመዴ በዘጠነኛው ቀን ስፌቷ ዙሪያ ቀላ፣ አተኮሳት፤ ቻለችው። የተመለሰችው ስፌቱ ሲከፈት ነው። ባሏ ሁለት በግ ሸጠ።

እንዲህ ሲሆን ከሕክምና ሰዎች የምንሰማት ዝነኛ ሐረግ «የግንዛቤ እጥረት» ናት። ከወረቀቱ ይልቅ እሷን እጠላታለሁ፤ ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልላ ከግቢው በር ውጭ ትጥላለች። «ክሊን ከት» በተባለው መርሐ ግብር ላይ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት የሚለው ሌላ ነው። የእጅ መታጠቡን፣ የመሣሪያውን ከጀርም መጽዳት፣ የፀረ ተህዋሲያኑን በሰዓቱ መሰጠት፣ የጎዙን ቆጠራና የመሳሰለውን በማጥበቅ የማመርቀዙ አደጋ በ35 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ይህ ሁሉ በአመዛኙ የሚሠራው በሽተኛዋ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ሳለች ነው፤ ግንዛቤዋን የጠየቃት የለም። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ ለመከላከል የሚሰጥ ፀረ ተህዋሲያን ቀዶ ጥገናው ካለቀ በኋላ እንዳይቀጥል ይመክራል። (ካመረቀዘ በኋላ ሐኪም የሚያዘው ሌላ ነገር ነው።) የኛ ወረቀት ግን ለክኒን አራት መስመር ሲሰጥ ለእጅ መታጠብ አንዲት ቃል አልተረፈውም።

«በቃል ነግረናቸዋል» ይሉ ይሆናል። በመውጫ ቀን ጥድፊያ የተነገረ ነገር መናኸሪያ ሳይደርስ ይረሳል። ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት አስታማሚው ዘንድ የነበረው ሐኪም ያቺው ወረቀት ብቻ ነበረች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አርታኢ ግን ነኝ። እንዲህ አርሜያታለሁ፦ «ቁስሉን የሚነካ ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠያቂ አይንካው። ቅቤም፣ ቅጠልም፣ ጠበልም አይደረግበት። ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሸተተ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ነይ።» ከሥሩ ለማያነብ ሰው አራት አምስት ሥዕል ይጨመርበት። ይህ አማርኛው ነው። አዊኛውን የሚጽፉ መምህራን በዞኑ አሉ፤ ቋንቋው በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በግዕዝ ፊደል ይሰጣል። እንጅባራ ላይ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለእናቱ ያነብላታል።