በሶደሬ ስለ ተለካው 85 ዲግሪ የቀረበ ትችት

በተማሪዎች የጥናት ሪፖርት ውስጥ «ሴንሰሩ ስለ ተበላሸ» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሰበቡ ደካማ ቢሆንም አንባቢን አያታልልም። ይልቅስ የሚያሠጋው መሣሪያው ታውኮ ሳለ ቁጥር መስጠቱን ሲቀጥል፣ ጸሐፊውም ቁጥሩን ደስ ብሎት ሲቀበል ነው። ከዚህ በታች የሚተቸውን ሪፖርት ከጻፉት አንዱ እኔው ነኝ።

ቦታው ከአዳማ በስተደቡብ በአዋሽ ዳር የሚገኘው የሶደሬ ፍል ውኃ ነው። እዚያ ያስቀመጥነው ሊኑክስ የሚሠራበት ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር በሽቦ ከውኃው ገብቶ በዩኤስቢ አስማሚ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዞ ነበር። ሪፖርታችን የውኃው ሙቀት «አልፎ አልፎ 85 ዲግሪ ይደርሳል» ካለ በኋላ፣ ምክንያቱን ከስምጥ ሸለቆ ከርሰ ምድር ሙቀት ጋር አያይዞ አንድ ሙሉ ገጽ አትቶበታል። ገጹ ባማረ አማርኛ ተጽፏል፤ ነገር ግን መሠረት የለውም።

85 ዲግሪ ይህ ሴንሰር ኤሌክትሪክ ባገኘ ቅጽበት፣ ገና ምንም ሳይለካ፣ በማኅደሩ ይዞት የሚነሣው ቁጥር ነው። በሙሉ ጥራት አንዱን ልኬት ለመፈጸም እስከ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ በዚህ መካከል ኃይሉ ቢቋረጥ ልኬቱ ይጠፋና 85 በቦታው ይቀመጣል። ሲአርሲ የሚባለው የስሕተት መመርመሪያም አያጋልጠውም፤ እርሱ የሚመሰክረው ቁጥሩ በመንገድ ላይ እንዳልተለወጠ እንጂ በእርግጥ የተለካ መሆኑን አይደለምና። ይኸው ቁጥር ከቀዝቃዛ ምንጭ ቢመጣ ኖሮ ስቀንበት ባለፍን ነበር። ከፍል ውኃ ስለ መጣ አመንነው።

ማስረጃው ግን ከመጀመሪያው በእጃችን ነበር። የሊኑክስ ከርነል መዝገብ፣ 85 በተጻፈባቸው ደቂቃዎች ሁሉ፣ አስማሚው ከዩኤስቢው እንደ ተለየና ወዲያው እንደ ገና እንደ ተገኘ ይናገራል። ያን መዝገብ ሳናነብ ሴንሰሩን ለወጥን፣ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍን፣ የሶደሬን ጦጣዎች ሳይቀር ሽቦ በማኘክ ከሰስን። ጦጣዎቹ ምሳችንን ከመውሰድ በቀር በደል አልተገኘባቸውም። በመጨረሻ ቮልቴጁ ሲለካ፣ 5 ቮልት አካባቢ መሆን የሚገባው ኃይል ሞደሙ መልእክት በሚልክበት ጊዜ ሁሉ በቀጭኑ ገመድ ምክንያት ይወርድ ኖሯል። ገመዱ በአጭርና በወፍራም ተተካ፤ ሞደሙም የራሱ ኃይል ባለው የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ተሰካ። ከዚያ ወዲህ 85 አልታየም።

ይሁን እንጂ ዋናው ቅሬታዬ በገመዱ ላይ አይደለም። ሴንሰሩ የዲግሪን 1/16ኛ ለይቶ የሚጽፍ ሲሆን፣ እነዚያ ንባቦች ግን ሁልጊዜ ያለ ክፋይ ልክ 85 ነበሩ። ደግሞስ አንድ ገንዳ ሙሉ ውኃ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እስከዚያ ግሎ በሚቀጥለው ደቂቃ ወደ ነበረበት እንዴት ይመለሳል? ይህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተር ማወቅ አያስፈልግም፤ ሻይ ያፈላ ሰው ይበቃል። እኛ ግን ሠንጠረዡን ስናዘጋጅ፣ ሽቦው ከውኃ ወጥቶ ሳለ የተገኙትን ዝቅተኛ ንባቦች «የማይታመኑ» ብለን ስንሰርዝ፣ ከፍተኞቹን ያለ ምርመራ አስቀረን።

በኋለኞቹ የሊኑክስ ከርነሎች፣ የዚህ ሴንሰር ድራይቨር እንዲህ ያለውን 85 መርምሮ በስሕተት እንዲመልሰው ማዘዝ ይቻላል። ለቀደሙት ንባቦች ግን ይህ አይደርስላቸውም። ስለዚህ ስለ ከርሰ ምድር ሙቀት የሚያትተው ገጽ ከሪፖርቱ ይውጣ፤ የተረፉትም ንባቦች ከከርነሉ መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይታተሙ።