በሙቀት የዓይን ዕጢን ማከም፦ ከ«45 እስከ 60 ዲግሪ» የሚለው አኃዝ ሲመረመር

በዓይን ብሌን በኩል ሌዘር አሳልፎ ዕጢን በሙቀት የመግደል ሕክምና በሰፊው የታወቀው፣ የኔዘርላንዱ ኦስተርሃውስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ካሳተሙት ጽሑፍ ወዲህ ነው። 810 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ጨረር የኮሮይድ ሜላኖማን ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚያሞቅና እስከ 3.9 ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንደሚያደርቅ ጽሑፉ አስረድቷል። ታክመው ኋላ የወጡ ዓይኖች በማይክሮስኮፕ መመርመራቸው የሥራው ትልቅ ብርታት ነው፤ በዘርፉ ብዙዎች ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ረክተዋልና።

ይሁንና «ከ45 እስከ 60 ዲግሪ» የሚለው አገላለጽ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር አንድ ወጥ መጠን ይመስል ጀመር። ሕብረ ሕዋስን የሚጎዳው ግን የሙቀቱ ልክ ብቻ ሳይሆን የቆይታው ጊዜም ጭምር ነው። ሳፓሬቶና ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረቡት ስሌት መሠረት፣ ከ43 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ተመሳሳይ ጉዳት ለማድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሲሰላ አንድ ደቂቃ በ45 ዲግሪ፣ 4 ደቂቃ በ43 ዲግሪ ከመቆየት ጋር እኩል ነው፤ አንድ ደቂቃ በ60 ዲግሪ ግን ከ131,000 ደቂቃ፣ ማለትም ከ90 ቀን ይበልጣል። ስሌቱ እስከ 60 ድረስ መለጠጡ ግምት መሆኑ አይካድም። ቢሆንም ሁለቱን ጫፎች በአንድ ሐረግ ማሰር ጠብታንና ጎርፍን በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው።

ከዚህም በላይ በታካሚው ዓይን ውስጥ ያለው ሙቀት በሕክምናው ወቅት በተለምዶ አይለካም። ሐኪሙ የሚመራው በደቂቃው መጨረሻ ገደማ በሚታየው ፈዘዝ ያለ ግራጫማ ነጭ ለውጥ ነው። ያ ለውጥ የሚታየው በላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከሥር ያለው ሙቀት ግን በዕጢው ሜላኒን ብዛትና ሙቀቱን ጠርጎ በሚወስደው የደም ፍሰት ይለያያል። ስክሌራ ሙቀቱን መቋቋሙ እንደ መልካም ነገር ተቆጥሯል። በዚያው በስክሌራ ውስጥ የተሸሸጉ የዕጢ ሕዋሳትም ከሙቀቱ ማምለጣቸው ግን የኋላ ኋላ ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህ ነጥብ በመጀመሪያዎቹ የምስጋና ዓመታት የሚገባውን ትኩረት አላገኘም። ከፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ2002 በቀረበው የ256 ታካሚዎች ጥናት፣ በ3 ዓመት ውስጥ ዕጢው የማገርሸቱ ዕድል 22 በመቶ ሆኖ ተገምቷል። የዓይን ነርቭን ራስ የተጠጉ ዕጢዎች ይበልጥ ማገርሸታቸው አያስደንቅም፤ እዚያ ሙቀቱን ማብዛት እይታን መሠዋት ነውና። ዘዴው ከራዲዮአክቲቭ ሰሌዳ ጋር ተጣምሮ መሰጠቱ ከብቸኛ ሕክምናነቱ ይልቅ አሳማኝ የሆነውም ሰሌዳው ከስክሌራ በኩል ስለሚያበራ ነው።

ለኢትዮጵያ የዓይን ሐኪም ጉዳዩ ሌላ ገጽታ አለው። የኮሮይድ ሜላኖማ በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ብርቅ ሲሆን፣ በሙቀት የሚታከመው ዕጢ ይበልጡን የሕፃናቱ ሬቲኖብላስቶማ ነው፤ ያውም ትንሽ ሳለ ከተደረሰበት። ይህ ዕጢ ራሱ ሜላኒን የለውም፤ ጨረሩን በአብዛኛው የሚመጥጠው ከሥሩ ያለው ባለ ቀለም ሽፋን ነው። ኮሮይዱም በሜላኒን በበለጸገ ዓይን ውስጥ ያው የሌዘር ኃይል የበለጠ ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ቀለሙ በሳሳ ዓይን ላይ የተቀመረ የኃይል መጠን እንዳለ ሊገለበጥ አይገባውም፤ ዝቅ ካለ ኃይል ተነሥቶ የሬቲናውን ለውጥ እያዩ ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል።