ጠበቃ የሌለው የሂሳብ መደብ

የበጀት ክርክር ላይ ሰው የሚጮህለት ወጪ ብዙ ጊዜ ራሱን ያድናል። በገምጋሚነት በቆየሁባቸው ዓመታት ዓይኔ የለመደው ማንም የማይጮህለትን መፈለግ ነው። ይህ ወጪ ጥገና ይባላል። በመንግሥት የወጪ ሂሳብ መደብ ከ6241 ጀምሮ ተደርድሯል፤ ተሽከርካሪ፣ ማሽንና መሣሪያ፣ ሕንጻ፣ መሠረተ ልማት። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። ደመወዝ ቢቀነስ ሠራተኛው በማግስቱ በር ላይ ይቆማል፤ ውሎ አበል ቢቀነስ ኃላፊው ራሱ ስልክ ይደውላል። ቧንቧ ግን አቤት አይልም።

አዲስ አበባ እንደ ክልሎች ከፌዴራል መንግሥት የድጎማ በጀት አይመደብላትም። የምትተዳደረው ራሷ ከምትሰበስበው ግብርና ከማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከገቢ ትንበያ ነው። ከትንበያው የበጀት ጣሪያ ይወጣል፤ ጣሪያው ከበጀት ጥሪ ደብዳቤ ጋር ለቢሮዎችና ለክፍለ ከተሞች ይላካል፤ እነሱም ዕቅዳቸውን በጣሪያው ልክ ሠርተው ያመጣሉ ተብሎ ይጠበቃል። በልኩ የሚያመጣ አልፎ አልፎ ይገኛል። አብዛኛው እንደሚቆረጥበት ስለሚያውቅ ጨምሮ ይጠይቃል፤ ቆራጩም ተጨምሮ እንደመጣ ስለሚያውቅ ይቆርጣል። ሁለቱም ይተዋወቃሉ። ከዚህ ልማድ የሚጎዳው ልኩን የጠየቀው ብቻ ነው፤ እንደ ሌላው ተቆርጦበት ከልክ በታች ይወርዳል።

ቁጥሮቹ ከሩቅ ሲታዩ ያማልላሉ። የከተማዋ ምክር ቤት ለ2016 ያጸደቀው በጀት 140 ቢሊዮን ብር ገደማ ነበር፤ የ2017ቱ ከ230 ቢሊዮን አለፈ። ዜናውን የሰማ ሰው ከዚህ ወዲያ የመብራት አምፖል የሚቀይር ጠፋ ቢሉት አያምንም። መደበኛ በጀት ላይ የሚሠራ ሰው ግን ድምሩን ትቶ ወደ መደቦቹ ይወርዳል።

ደመወዝ ለመገምገም ቀላል ነው። የፔሮሉን የወር ድምር በ12 ታባዛለህ፣ የመንግሥት ድርሻ የሆነውን 11 በመቶ ጡረታ ትጨምራለህ፣ ያልቃል። ተንኮሉ ያለው ክፍት የሥራ መደብ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሊቀጥራቸው ያሰባቸውን ሠራተኞች ከሐምሌ ጀምሮ በጀት ያስይዝላቸውና ቅጥሩን እስከ ጥር ያጓትተዋል። የስድስት ወሩ ደመወዝ ተንሳፎ ይቆያል፤ ከዚያ የበጀት ዝውውር ጥያቄ ይመጣና ገንዘቡ ውሎ አበል ወይም መስተንግዶ ይሆናል። ይህን ለመያዝ የሐምሌን ፔሮል ከግንቦቱ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። ከዚህ በላይ ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም።

ነዳጅ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከቀደመው ዓመት አንድ ሦስተኛ ያህል ያደገ የነዳጅ ጥያቄ ይዞ መጣ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው የስምሪት ኃላፊው የሰሌዳ ዝርዝር ይዟል።

«ስንት ተሽከርካሪ አላችሁ?»

«አሥራ አራት።»

«የሚንቀሳቀሱትስ?»

ኃላፊዋ ወደ ስምሪት ኃላፊው ዞሩ። እሱም ጉሮሮውን ጠራርጎ «ዘጠኝ» አለ።

«ታዲያ ነዳጁ ለምን ጨመረ?»

«አምስቱ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ዘጠኙ የአሥራ አራቱን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ መኪና ጠዋት ሁለት ቦታ፣ ከሰዓት ሦስት ቦታ ይሄዳል። ባዶውን የሚመላለሰው ራሱ ስንት ይሆናል! የጎደለውንም እየተከራየን ነው» አሉ ኃላፊዋ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ «አምናም የጥገናውን በጀት የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የሦስት ዓመት አፈጻጸሙን አውጥተን ስናየው 6241 ወርዷል፤ 6217፣ ነዳጁ ማለት ነው፣ ወጥቷል፤ የኪራዩ 6252 ደግሞ ከምንም ተነስቶ አብጧል። ሦስቱን ሲደምሩት ከተማዋ ያተረፈችው ሳንቲም የለም። እያንዳንዱን መደብ ለብቻው የገመገመ ባለሙያ ግን ጥገናው ላይ ቁጠባ፣ ነዳጁ ላይ ብክነት አይቶ ያልፋል፤ ነዳጁንም ይቆርጥና ቀሪዎቹን ዘጠኝ መኪኖች ያቆማቸዋል።

የዚህ ሙያ ዋናው ጥበብ ለእኔ ይኸው ነው፤ የተቆረጠ ወጪ የት እንደወጣ መከታተል። የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ሳይጠገን ሲቀር ገንዘቡ በ6259 በውሃ ሂሳብ ይመጣል። የጤና ጣቢያ ጣሪያ ሲያፈስ መድኃኒቱ በስብሶ ይወገዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሕክምና ዕቃ ጥያቄ ያድጋል። ጄኔሬተር ሳይጠገን ሲቀር ደግሞ በገንዘብ ሳይሆን በሥራ ይታያል፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ተገልጋይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህን ኪሳራ የሚይዝ የሂሳብ መደብ የለንም።

ጠበቃ ያገኘ አንድ ጥገና አለ፤ መንገድ። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ሲቋቋም ነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ በዋናነት ለጥገና እንዲውል ተደረገ። ገንዘቡ ይበቃል ማለቴ አይደለም፤ ጉድጓዱን በየቀኑ እናየዋለን። ነገር ግን ቢያንስ በየዓመቱ ከደመወዝና ከውሎ አበል ጋር አይጋፋም። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ሕንጻ እንዲህ ያለ አጥር የለም።

የዋጋ ነገር ሲመጣ በደመወዝና በጥገና መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይጎላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የአዲሱ በጀት ዓመት ገና አንድ ወር አልሞላውም። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ተሻገረ። ለመንግሥት ሠራተኛው ከጥቅምት 2017 ጀምሮ የደመወዝ ማሻሻያ መጣለት፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ኅዳር ላይ ከ580 ቢሊዮን ብር በላይ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ተገቢ ነበር፤ ሰው መብላት አለበት። ለጎማ፣ ለባትሪና ለዘይት ማጣሪያ ግን እንዲህ ያለ ማሻሻያ በራሱ አይመጣም። በአሮጌው ዋጋ ስምንት ጎማ የሚገዛው ብር አራትና አምስት ጎማ እየገዛ ዓመቱን ይጨርሳል፤ የአፈጻጸም ሪፖርቱም መቶ በመቶ ይላል።

መቶኛ ያናድደኛል፤ ልሸሽገው አልችልም። «98 በመቶ ተፈጽሟል» ሲባል የሚያጨበጭብ አለ። ገንዘቡ መቼ እንደወጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አሠራራችን ሰኔ 30 ላይ ያልተጠቀሙበትን በጀት ይመልሳል። በዜሮ ባላንስ ሂሳብ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት በካዝናው የሚቀር ነገር የለም፤ ከእጁ የሚወጣው ገንዘቡን እንዲጠቀም የሚፈቅድለት ሥልጣን ነው። ያልተጠቀመ በሚቀጥለው ዓመት ይቀነስበታል የሚባለውንም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ላይ የግዢ ክፍሉ ይራወጣል፤ ቶነርና ወረቀት እስከ ኮርኒስ ይከመራል። ጥገና ለዚህ ሩጫ አይመችም። ጣሪያ መጠገን ጨረታ፣ መሐንዲስና ደረቅ ወራት ይፈልጋል፤ ወረቀት በሳምንት ይገባል። ቆጥቦ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሕንጻውን በሥርዓት የጠገነው ኃላፊ ሰኔ ላይ ትንሽ ብር ሲተርፈው «አቅም የለውም» ተብሎ ይጻፍበታል። ለዚህ ነው አፈጻጸምን በዓመት ድምር ሳይሆን በየወሩ ካላየሁ የማልፈርመው።

ከሁሉም የባሰው ቆራጭ «ከሁሉም ላይ አሥር በመቶ» የሚለው ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ክርክሩንም ያሳጥራል። ደመወዝ አይነካ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ አይቀር፣ ለተማሪዎች ምገባ የተያዘው አይደፈር ሲባል አሥር በመቶው ዞሮ ዞሮ በቀሩት ጥቂት መደቦች ላይ ያርፋል። ስሙ አሥር ነው፤ ጥገናው ጋ ሲደርስ ሠላሳና አርባ ሆኖ ይገኛል።

አሁን የሚያሳስበኝ የካፒታልና የመደበኛ በጀት አለመነጋገር ነው። በፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም፤ ባይከለከል ኖሮ ግንባታው ሁሉ አበል ሆኖ ባለቀ። ሆኖም ግንባታ ሲያልቅ መደበኛ ወጪ ይዞ ይወለዳል። ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠራውን ብቻ ማየት ይበቃል። የመንገድ ዳር መብራት፣ ፏፏቴ፣ የሕዝብ መጸዳጃ፣ በበጋ ውሃ የሚጠማው ሣር፤ ሁሉም ኤሌክትሪክ፣ አትክልተኛ፣ ጥበቃና መለዋወጫ ይፈልጋሉ። ሪባኑ የሚቆረጠው ለካፒታሉ ነው፤ ሂሳቡ የሚመጣው መደበኛው ጋ ነው።

ለግንባታ ክፍሎች የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በዓመት ስንት ይፈጃል? ብዙውን ጊዜ መልሱ «እሱን የሚያውቀው ተረካቢው ነው» የሚል ነው። ተረካቢውን ስጠይቅ ገና አልተረከበም፤ ስለዚህ በጀት አልያዘም። በዓመቱ አጋማሽ ይረከብና ለመጠባበቂያ በጀት ይሰለፋል። በግምገማ ቃለ ጉባኤው ላይ ከእያንዳንዱ አዲስ ሕንጻ አጠገብ የጥበቃውን፣ የጽዳቱን፣ የመብራትና የውሃውን እንዲሁም የጥገናውን ግምት በመደብ ለይቼ አስጽፋለሁ፤ ግምት የሚሰጠኝ ከጠፋ ተመሳሳይ ሕንጻ ፈልጌ ያለፈ ዓመት ወጪውን እወስዳለሁ። አንዳንዱ ኃላፊ ሥራ ማጓተት ነው ይለኛል። የምክር ቤቱ የበጀት ቋሚ ኮሚቴ አባላት ግን በቅርቡ ያንን ዓምድ መጠየቅ ጀምረዋል፤ የግንባታ ክፍሎችም ካልኩሌተር ይዘው መምጣት።