ስታቲንና የመገጣጠሚያ ብግነት፦ ከተስፋው ምን ቀረ?

የደም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ የሚታዘዙት ስታቲኖች የመገጣጠሚያ ብግነትንም ያስታግሣሉ የሚለው አሳብ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቷል። አሳቡ መሠረት የለሽ አልነበረም። መድኃኒቱ የሚያግደው ኤንዛይም ኮሌስትሮልን ብቻ ሳይሆን፣ የመከላከያ ሕዋሳት ለመልእክት ማስተላለፊያ የሚያስፈልጓቸውን ሌሎች ንጥረ ነገሮች ለማምረትም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በጄኔቫ የተገኘው የቤተ ሙከራ ውጤት ይህን ግምት አጠናክሮታል።

ብዙ የተጠቀሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ላንሴት ላይ የወጣው የግላስጎው ጥናት ነው። ከ116 የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕሙማን ግማሾቹ ከመደበኛ መድኃኒታቸው ጋር 40 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ ፕላሴቦ ለ6 ወር ወሰዱ። የብግነት ምልክት የሆነው ሲ.አር.ፒ በግማሽ ያህል ቀነሰ። በ28 መገጣጠሚያዎች የሚለካው የሕመሙ ነጥብ ግን የቀነሰው በ0.5 ገደማ ነው። በአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር መመዘኛ ከ0.6 የማይበልጥ ለውጥ ለአንድ ሕመምተኛ እንደ መሻል አይቆጠርም። በእርግጥ መመዘኛውን ያሟሉት 31 በመቶ ሲሆኑ በፕላሴቦው ወገን 10 በመቶ ነበሩ፤ ተመራማሪዎቹም ውጤቱን መጠነኛ ከማለት አላለፉም። ስሕተቱ የላቦራቶሪውን ቁጥር አንሥተው የሕመምተኛውን መገጣጠሚያ የዘነጉት አንባቢዎች ነው። በሉፐስም፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በ200 አዋቂዎች፣ በ2012 ደግሞ በ221 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ የታተሙት ጥናቶች ስታቲን የደም ሥር መጎዳትን እንደሚያዘገይ ማረጋገጥ አልቻሉም።

ይህ ማለት መድኃኒቱ ለእነዚህ ሕሙማን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሩማቶይድ አርትራይተስ የልብና የደም ሥር በሽታን አደጋ ይጨምራልና። በብሪታንያ ወደ 3000 የሚጠጉ ሕሙማንን ያሳተፈው ጥናት (2019 እ.ኤ.አ.) የተከሰቱት የልብ ሕመሞች ከተጠበቀው በማነሳቸው ቀድሞ ቢቋረጥም፣ ቅነሳው አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር፤ በስታቲስቲክስ ግን አልጸናም። ጉዳትም ጎልቶ አልታየም። እንግዲህ ስታቲን የሚታዘዘው ለልብ አደጋ እንጂ ለጣት እብጠት አይደለም።

ልዩነቱ ዳምቦያን በመሰለ ወረዳ የበለጠ ይከብዳል። በጤና ጣቢያው ተራ የምትጠብቅ ወጣት «ቁርጥማት ነው» ስትል፣ ቃሉ ሩማቶይድ አርትራይተስን፣ ሪህንና የሩማቲክ ትኩሳትን በአንድ ከረጢት ይከታል። የመጨረሻው የልብ ቫልቭን የሚያበላሽ ነው፤ መከላከያውም በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን እንጂ ስታቲን አይደለም። ሩማቶይድ ከሆነም ሜቶትሬክሴት በጊዜ መጀመር አለበት፤ የወራት መዘግየት መገጣጠሚያውን በማይመለስ መልኩ ያጣምመዋል። ለምርመራ ወደ ዱራሜ ወይም ሆሳዕና እስከሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል መጓጓዣ መክፈል ለሚኖርባት ቤተሰብ፣ በሐኪም ግምት የተጨመረ አንድ ክኒን ወጪው ቀላል አይደለም። ለማርገዝ የምታስብ ሴትም ብትሆን ስታቲኑ አብዛኛውን ጊዜ መቆም ይኖርበታል (ሜቶትሬክሴቱም እንዲሁ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል)።

አልፎ አልፎ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ የሰውነት መከላከያን በጡንቻ ላይ ያስነሣል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በሚገባ የታወቀው ይህ የጡንቻ በሽታ ክኒኑ ከተቋረጠ በኋላም ሊቀጥል ይችላል፤ ስለዚህ ስታቲን የሚወስድ ሕመምተኛ ከተቀመጠበት መነሣት ወይም ደረጃ መውጣት ካቃተው ድካሙን ከቁርጥማት ጋር መደመር አይገባም፤ ክኒኑን አቁሞ ሲ.ኬ ማስመርመር ይቀድማል።